የዋልፑርጋ ሣጥን

አናጢው ኢግናዝ ለሚስቱ ለዋልፑርጋ የሬሳ ሣጥን መሥራት የጀመረው ገና አንዴም ሳታስነጥስ ነው። ቪየና አጠገብ ባለችው የወይን መንደራቸው እንዲህ ያለ ሣጥን ታይቶ አያውቅም። ክዳኑ ላይ የቀረጻት ወፍ እውነተኛ መስላት፣ የቄሱ ድመት ሁለት ጥርሷን ሰብራባታለች።

ዋልፑርጋ ሳንባዋን ታማ አልጋ ስትይዝ ሣጥኑን አስመጥታ መረመረችው።

“ትከሻው ጋ ጠቧል። አንተ ሽማግሌ፣ የሙሽርነቴን ገላ አስበህ ነው እንዴ የለካኸው?”

“ለአፍሽ ቦታ ስፈልግ ነው ትከሻሽን የረሳሁት።”

ስትስቅ ሳል ያዛት። ሲለቃት፣ “ከዚህ ሌላ ውስጥ እንዳታስተኛኝ፤ ማልልኝ” አለችው። ማለላት።

በሳምንቱ ከቪየና አንድ ሹም ከሁለት ወታደር ጋር መጥቶ፣ ዎርክሾፑ ውስጥ አዋጅ አነበበ።

“ንጉሠ ነገሥታችን የሚገዙት በዕውቀት ነው። እንጨት አይባክንም፤ ሬሳም ቶሎ ይፈርሳል። ባላባትም ገበሬም እኩል በጆንያ ተሰፍቶ ይቀበራል። ለመሸከሚያ ለሰበካው አንድ ሣጥን ይበቃል፤ ከሥሩ የሚከፈት። የሥሩን መወርወሪያ ስትስበው ሬሳው ይወርዳል፣ ሣጥኑ ለሚቀጥለው ይመለሳል።” ዞር ሲል ወፏን አየ። “ኧረ ይሄማ ግሩም ነው! ሥሩን ቁረጠው።”

“ጌታዬ፣ የባለቤቴ ነው።”

“አሁን የሁሉም ሆነ። ደስ አይልህም? እረኛው ሁሉ እንደ መስፍን ሊተኛበት!”

ወታደሮቹ በር ላይ ቆሙ፤ ኢግናዝ መጋዙን አነሣ።

“ምንድነው የምትቆርጠው?” አለች ዋልፑርጋ ከአልጋዋ።

“ትከሻሽ ጋ እያሰፋሁልሽ ነው።”

“እሰይ! አርባ ዓመት ተናግሬ ዛሬ ሰማኸኝ።”

ሐሙስ ዐረፈች። ሣጥኑን ያስመረቀችው እሷው ሆነች። ሥራው የእጁ ነውና መወርወሪያውን እንዲስብ ኢግናዝን ጠሩት። እንዳይጮህባት ሌሊቱን ሙሉ ዘይት ሲቀባው አድሯል፤ እውነትም ድምፅ አላሰማም። ዋልፑርጋ በጆንያዋ ወረደች፣ ሣጥኑም ቀሎ ወደ ሰበካው ተመለሰ።

ሃያ ሦስት ሰው ከተመላለሰበት በኋላ ያው ሹም መጣ።

“አዋጁ ተነሥቷል። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ገና አልገባውም ብለው ንጉሠ ነገሥቱ ተዉት። ሣጥንህን ውሰድ።”

ኢግናዝ ሥሩን መልሶ በሚስማር መታው። ከዚያ ውስጡ ገብቶ ተጋደመ።

ትከሻው ጋ አሁንም ጠባብ ነበር።