ማሽኑ የማያውቃት አክስት

በታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ የሆቴላችን የሩብ ዓመት ትርፍ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። አክስታችን ግን በግማሽ የተቆረጠ ደመወዟን ጠረጴዛው ላይ ወርውራለት ፊቱ ቆማለች።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ብዙ ቀን ቀርተሻል።»

«እኔ? ታዲያ አልጋውን ሁሉ ማን አነጠፈው? መላእክት?»

ወንድሜ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «አየህ? ቀይ የሆነው ሁሉ ያልገባችበት ቀን ነው። ማሽን አይዋሽም።»

ማሽኑን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያስገጠመው እሱ ነው። ሠራተኛ ጠዋት ሲገባ ጣቱን ያስነካዋል፤ ካላወቀው እንዳልመጣ ይቆጥረዋል።

«ነይ እስቲ» ብዬ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። አውራ ጣቷን አስነካች። ቀይ። ሌባ ጣቷን። ቀይ። እጇን ገልብጬ አየሁት። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው፤ አንድም መስመር የለበትም። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ሲመዘግቧትም ጣቷን ያነበበው በስንት ትግል ነበር። እኛን ያሳደገ፣ እኔን ባሕር ማዶ ያስተማረ፣ የዚህን ሆቴል አንሶላና መታጠቢያ ቤት ሲያጥብ የኖረ ጣት።

ደሜ ፈላ። «ጣቷን የበላው ያንተው በረኪና ነው!»

«ፈረንጁ ደግሞ ጀመረው!» አለ ወንድሜ ከቢሮው ብቅ ብሎ። «ያለ ቁጥጥር ሆቴል አይመራም። እዚያ የተማርከው ይሄንኑ አይደል?»

አዎ፣ ይህንኑ ነበር የተማርኩት። ለዚህም ይሆናል አፌ የቀደመኝ፤ «አክስቴ፣ በጣት ፋንታ የምስጢር ቁጥር ይሰጥሻል። ቀላል ነው።»

ከወንድሜ ይልቅ እኔን ገላመጠችኝ። «ቂጣችሁን አጥቤ ላሳደግኋችሁ ልጆች፣ መኖሬን በቁጥር ላስረዳ?»

የክፍሎቹን ቁልፎች ከወገቧ ፈትታ መሬት ላይ ጣለቻቸውና ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ የቱሪስት አውቶቡስ በሩ ላይ ቆመ። ክፍሎቹ ገና አልጸዱም፤ ወንድሜ ግን ገና በማለዳው ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ «ዝግጁ» ብሎ ሸጧቸዋል። ሻንጣ ሲወርድ ሲያይ ላብ ችፍ አለበት።

«አንሶላ! ምን ይገትርሃል፣ አንሶላ አምጣ!»

ቁልፎቹን ከመሬት ለቀምኳቸው። «ማሽንህ ያንጥፍልህ። እኔም ዛሬ ቀርቻለሁ፤ በቀይ ጻፈኝ።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። አክስቴ መታጠፊያው ጋ ደርሳለች። ደጋግሜ ጠራኋት። ዞር ብላም አላየችኝ።