የወንጌላዊት ቁርጥራጭ ዘመዶች

ወንጌላዊት ዘመዶቿን ያፈራቻቸው በመቀስ ነው። ከሆሳዕና መጥታ ሀዋሳ አንድ ፎቶ ቤት ከተቀጠረች ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሯን ያንኳኳ ሰው ቢኖር አከራይዋ እትዬ አበበች ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፦ «አንቺ ልጅ፣ ጠያቂ ዘመድ የለሽም እንዴ?»

ጥያቄዋ አጥንት ትሰብራለች። ሰው የማይጠይቀው ሰው ምን ዋጋ አለው እያለች ራሷን መናቅ ጀምራ ነበር። እልህ ያዛትና ደንበኞች ሳይወስዱት የቀረውን ጉርድ ፎቶ ሁሉ ሰብስባ ወደ ቤቷ ወሰደች። የአንዱን ግንባር ከሌላው አገጭ፣ የአሮጊቷን ነጠላ ከኮረዳዋ አንገት እያገጣጠመች ትልቅ ካርቶን ላይ ለጠፈች። አንዱን ሰውዬ ብቻ፣ ፊቱ ደግ መስሎ ስለታያት፣ ሙሉውን ፎቶ ቤት አሳድጋ አትማ መሃል አስቀመጠችው።

እትዬ አበበች ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። ይቺ አክስቴ ናት፤ መሃል ያለው ደግሞ አጎቴ።» ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቁልቁለት ነው።

ሴትዮዋ ጠጋ ብለው አዩት። «ውይ! ይሄማ የቱላ ሰፈሩ ፍቅሬ ነው፣ ባጃጅ ነጂው! አጎትሽ እዚሁ እያለ ነው ብቻሽን የምትቆራመጂው? ቆይ፣ ልክ አስገባዋለሁ!»

ወንጌላዊት ልትከለክላቸው አፏን ስትከፍት እሳቸው በሩን አልፈዋል።

እሁድ ዕለት ፍቅሬ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን እትዬ አበበች እያዩ ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ «የእህቴ ልጅ! እንዴት አድገሻል!» ብሎ አገላብጦ ሳማት።

አከራይዋ ዕንባቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገድ ላይ አስቁመው ሲሰድቡኝ ዋሉ። እኔም ይቺ ዘመዴ ማን ትሆን ብዬ መጣሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁኑኑ እገነጥለዋለሁ።»

«ኧረ ተይ! እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።» ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ቆየና ፈገግታው ጠፋ። «አንቺስ የታለሽ?»

«እኔ... ቦታ አልበቃም።»

«ለእኔ ጆሮ የበቃ ቦታ ላንቺ ፊት አነሰ?» መቀሱን አንስቶ አቀበላት። «በይ ግራ ጆሮዬን ቁረጪና እዚያ ግቢ። እኔ በአንዱም እሰማለሁ።»

ወንጌላዊት ሀዋሳ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሳቋን ስትጨርስ፣ ለፊቷ እንዲበቃ፣ የፎቶውን ጆሮ ከነጉንጩ ቆረጠችው።