የባለጓንቱ መኪና ጭስ

ሰፈሩ የመካኒኳን አባት «ባለጓንቱ» ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን፣ ባለሁለት መቀመጫዋን ቀይ አሮጌ የስፖርት መኪና ማባበል። የቆዳ ጓንታቸውን ሳያጠልቁ መሪ አይጨብጡም። እሑድ ሲመጣ ከጋራዥ አውጥተው ይወለውሏታል፤ ሰፈሩን በእግረኛ ፍጥነት አንዴ ያዞሯትና መልሰው ያስገቧታል። ከኋላ ያለ ሹፌር ክላክሱን ቢያንባርቅባቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የጎን መቀመጫዋ እንዳያረጅ ላስቲክ አልብሰውታል፤ የሚቀመጥበት ሰው ስለሌለ ላስቲኩም እስካሁን አላረጀም።

ይቺው መኪና ዘንድሮ የጭስ ምርመራ ወደቀች። አንዴ ቢሆን ደግ፤ ሁለቴ። ሦስተኛ ከወደቀች ታርጋዋ ይፈታል። በዚህ መሀል እናት እራት ላይ ነገር አመጡ። እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሚሠሩት መኝታ ቤት ውስጥ፣ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ተቀርቅረው ነው። «አሁንም ከወደቀች ትሸጥና ጋራዡ የእኔ ይሁን» አሉ። አባት ልጃቸውን ተማምነው «ይሁን!» አሉ። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም፤ ችግሩም እሱ ነው።

መካኒኳ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ደንበኞቿ «የቤትሽን ሳታድኚ የእኛን?» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሱስ ይቅር። አባቷ ያለዚያች መኪና እሑድን እንዴት እንደሚውሉት ስታስብ ግን ሆዷ ይባባል።

የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት በጭሱ ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን በዝቷል የሚል ነበር። ያኔ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ለወጠች። የአየር ፊልትሮውን ለወጠች። ነዳጁ በዛ፣ አነሰ እያለ ለሞተሩ የሚያቃጥረውን የጭስ ማውጫ ሴንሰር ሳይቀር ለወጠች። በራሷ መለኪያ ለካቻት፤ ጭሷ ንጹሕ። መኪናዋ ለሁለተኛው ምርመራ ሄደች፤ ወደቀች። ጭስ ማውጫውን አውርዳ ስትፈትሽ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘችና «ያዝኩሽ!» ብላ በየደችው። እንደገና ለካቻት፤ አሁንም ንጹሕ። ስንጥቁ ከመበየዱ በፊትም ንጹሕ ስለነበረች ግን ይሄ ደስታ አልሰጣትም።

«የእናንተ መለኪያ ነው የተበላሸው» ብላ ምርመራ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። መርማሪው ክብሩ ተነካና «እስቲ ያንቺን አስገቢያት» አላት። ዘይት የምታንጠባጥበው የዕቃ መኪናዋ ሳትንገራገጭ አለፈች። መካኒኳ መኪናዋን ይዛ ወጣች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዕለት አባት እንደ ልማዳቸው ማልደው ለብቻቸው ሄዱ። «ሰው አብሮኝ ካለ ትረበሻለች» ይላሉ፤ ስለ መኪናዋ መሆኑ ነው። ልጅ ግን በዕቃ መኪናዋ ተከተለች። እናትም የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው አብረዋት ተሳፈሩ። ጋራዡን በልባቸው እየለኩ መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ወረፋው ተንዘላዝሏል። ቀይዋ መኪና ጥላ ሥር፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተሯ ጠፍቶ ነፋስ ትቀበላለች። አባት መብራቷን ይወለውላሉ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉ፤ ፍሬኑን ለቀቁና በትከሻቸው መግፋት ጀመሩ። ሁለት ሹፌሮች እንደለመደ ሰው መጥተው አገዟቸው። መርማሪው ከበሩ ላይ ሆኖ «አባባ፣ ዛሬም ሙሽራዋን ተሸክመው መጡ?» ብሎ ሳቀ።

መካኒኳ ዓይኗን ማመን አቃታት። «አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሞተሯ በከንቱ እንዳይደክም ነዋ። ወረፋ ላይ ምን አደከማት? በሩ ጋ ስደርስ አስነሳታለሁ።»

«ባለፈውም እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

ቁጢጥ ብላ የጭስ ማውጫውን ነካችው። እንደ ውሃ ቧንቧ ቀዝቅዟል። ራሷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ አልቆም አላት።

«አባዬ፣ ከሆዷ ሥር ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ አለ። ሥራውን የሚሠራው በደንብ ሲግል ብቻ ነው። እኔ የምለካት የአውራ ጎዳናውን ዳገት አስወጥቼ፣ አግዬያት ነው። አንተ አስተኝተህ አስተኝተህ፣ ከእንቅልፏ ቀስቅሰህ ታስፈትናታለህ!»

የአባት ፊት ተለዋወጠ። «በፍቅሬ ልገድላት ነበር በይኛ?»

«አውራ ጎዳናው ላይ ውጣና በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሯን እያስጮህክ ንዳት። ቶሎ በል፤ ወረፋችን ደርሷል።»

አባት ጓንታቸውን አጥብቀው ወጡ። መካኒኳ ጆሮዋን ቀስራ ብትጠብቅ አንድም ጩኸት የለም። ቀይዋ መኪና አደባባዩን ቀስ ብላ ዞራ፣ እግረኞችን ሁሉ እያሳለፈች ተመለሰች። ልጅ ዳሰሰቻት፤ ለብ ብላለች፣ ከዚያ አላለፈም።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሉ አባት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እግሬም እምቢ አለ። ስትጮህ የሚያማት ይመስለኛል።»

መካኒኳ ቁልፉን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እናት ቀደሟት።

«ወደ ጎን ሂድ» አሉ ባላቸውን።

«እንዴ፣ አንቺ?»

«ሂድ እንጂ!»

«እማዬ፣ ትችያታለሽ?» አለች ልጅ።

«መንዳት የተማርኩት በዚቺው መኪና አይደል? አንቺ ወረፋችንን ጠብቂ።»

መኪናዋ ከግቢው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጣች። ብዙ ሳይቆይ ከአውራ ጎዳናው በኩል መካኒኳ በዕድሜዋ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የጠገበ፣ ዳገቱ ላይ የሚያስተጋባ። ወረፋው ላይ ከኋላቸው ያለው ሹፌር «እለፉ እንጂ!» ብሎ ሲነጫነጭ አንገቷን አስግጋ «መጡ፣ መጡ!» እያለች ትለማመጠዋለች። መርማሪው ራሱ ከበሩ ወጥቶ ማዳመጥ ጀመረ።

ሲመለሱ ጣሪያው ታጥፏል። የአባት ሽበት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በሁለት እጃቸው መቀመጫውን ሙጭጭ አድርገው ይዘው እንደ ሕፃን ይስቃሉ።

«ሞተሯን እንዳታጠፊው!» ብላ ጮኸች ልጅ። «ቀጥታ ወደ ውስጥ!»

መርማሪው የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰካ። ሦስቱም ቁጥሩ ላይ አፈጠጡ። ቁጥሩ ትንሽ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ወረደ፣ ወረደና ከመስመሩ በታች ቁጭ አለ።

«አልፋለች» አለ መርማሪው። «በሚቀጥለው ዓመት እማማ ያምጧት።»

መካኒኳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ ዝም ብትዪ እኮ ጋራዡ ያንቺ ነበር።»

«ጋራዡንማ አሁንም እፈልገዋለሁ» አሉ እናት። «እኔ ግን መኪናዋን ጠልቻት አላውቅም። የጠላሁት እንደ እንቁላል ታቅፏት ማየት ነው። የተጋባን ሰሞን አንዴ ግንብ ስላስነካኋት ቁልፉን ደበቀብኝ። እሱም ከዚያ ወዲህ እየፈራ ነው የሚነዳት። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ!»

አባት ይሄን ሁሉ ሰሙ። ጓንታቸውን ከጣታቸው ቀስ ብለው እያላቀቁ አወጡና ለሚስታቸው ዘረጉ። እናት አጠለቁት፤ እንደ ጆንያ ሰፋባቸው።

«አጠብባቸዋለሁ» አሉ።

«ጋራዥ ውስጥ ሆነሽ አጥብቢያቸው» አሉ አባት። «እሷን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደርጋታለሁ። ለሁለታችሁም ይበቃል።»

ከዚያ የጎን መቀመጫውን ላስቲክ ጫፉን ይዘው ሸርከት አድርገው ገፈፉትና ተደላድለው ተቀመጡ።

«ወደ ቤት?» አሉ እናት ሞተሩን እያስነሱ።

«ወደ ቤት» አሉ አባት። «ግን በዳገቱ በኩል።»