የአሰለች ኃጢአት

ደብሪቱ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወርዳ ለነፍስ አባቷ ለአባ ገብረ ሊባኖስ ትናዘዛለች። ዘንድሮም ከዋሻው ደጃፍ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጀመረች።

«አባቴ፣ ያቺ ጎረቤቴ አሰለች በሬዋን ለቃ ያሸተ ገብሴን ማስበላቷ ዛሬም ከሆዴ አልወጣ አለ። አንድ ቀን እንኳ ማሪኝ አላለችኝም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአሰለችን ኃጢአት ስትነግሪኝ ኖርሽ። እሷ የራሷ ነፍስ አባት አላት። የአንቺን መቼ ልትነግሪኝ ነው?»

ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ስታስብ የመጣባት ልጅነቷ ነበር። ለአሸንድዬ ቅጠሉን ወገቧ ላይ የምታስርላት አሰለች ነበረች፤ ነሐሴ በመጣ ቁጥር እየዘፈኑ ላሊበላ ድረስ አብረው ይወጡ ነበር። ሲዳሩም ጎጆ የወጡት በአንድ ሰፈር ነው። አሰለች ወልዳ በታመመች ጊዜ ሕፃኑን አዳምን ከራሷ ልጅ ጋር ጡት ያጠባችው ደብሪቱ ነበረች። ጡቷን ይዞ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ዛሬም ታያት።

ያ ልጅ አድጎ፣ ገብሱ በተበላበት ዓመት ከገደል ወድቆ ሞተ። ዋይታው ማሳዋ ድረስ እየተሰማ እሷ አረሟን አላቆመችም።

እንባዋ መጣ። «አባቴ፣ የአሰለች ልጅ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም። በልቤም ‹እግዜር ፈረደልኝ› ብያለሁ። ያጠባሁት ልጅ እኮ ነው! ኃጢአት መሆኑ እንኳ ሳይታየኝ ይኸው ስቆርብ ኖርኩ።»

አባ ገብረ ሊባኖስ፣ «ስግደቱን ኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ለቅሶሽን ድረሺ» አሏት።

«ከስንት ዓመት በኋላ፣ አባቴ?»

«የእናት ሐዘን መቼ ያልቃል?»

አሰለች ደጇ ላይ ባቄላ እየለቀመች ሳለ ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ አየችና ደንግጣ ተነሣች። «ምነው? ማን ሞተ?»

«አዳም» አለችና ደብሪቱ እግሯ ላይ ወደቀች። በልቧ ያለችውንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

አሰለች ፊቷን አዞረች። «ያን ቀን በር በሩን ሳይ ነበር የዋልኩት» አለች። «አገሩ ሁሉ መጣ። እኔ የጠበቅኩት አንቺን ነበር።»

ከዚያ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። «በይ አልቅሺለት። አንቺም እናቱ ነሽ።»

እሑድ ጠዋት ሁለቱ አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። ከአዳም መቃብር አጠገብ ተቀምጠው የልጁን ነገር እየተቀባበሉ ሲያወሩ ቅዳሴው ተጀመረ።