ዘጠኝ እርምጃ

ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ፣ ሦስት ደቂቃው አለቀ፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ጦጣ አርባ አንድ ጊዜ ዞራ ተመልሳለች፣ ሁልጊዜ በግራ፣ አንዴም በቀኝ አልዞረችም፣ ይህን ግን ፕሮግራሙ አልጠየቀኝም፣ የጠየቀኝ ቁጥሩን ብቻ ነው፣ አራትና አንድን በአንድ ጣት እጫናለሁ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የሥዕል ጦጣ ታጨበጭብልኛለች። በሰባ አንድ ዓመቴ ጦጣ አጨበጨበችልኝ። ቆጠራ ላይ ማን ይችለኛል።

ምዕራፍ ስምንት፣ ከአሥራ ሁለቱ። እዚህ ያስቀመጠችኝ የእንስሳት ማቆያው ሐኪም ናት፣ ጋሼ፣ ለአዲሱ የጦጣ ቤት ብረት ሊበይድ ግቢ የሚገባ ሁሉ ስለ ጦጣ ይህን መማር አለበት፣ አስተማሪ የለውም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተምራል ራሱ ይፈትናል፣ ምዕራፍ ከፍተው ሳይጨርሱ ከተነሡ ግን ከአንድ ይጀምራሉ፣ አለችኝ፣ አርባ ስድስት ዓመት በያጅ የሆንኩትን፣ ከሰው ትከሻ በላይ እያጮለቅኩ ብየዳ የተማርኩትን፣ ብቻን መማር ለኔ ይነገራል እንዴ። ደግሞ አልዋሽም፣ ጥፍሯ እንደኛ ጠፍጣፋ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ጥርሷ ሠላሳ ሁለት፣ እኔ የቀረኝ አሥራ ዘጠኝ፣ ጥርሷን ስታሳይ ስቃ ሳይሆን ፈርታ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ምዕራፍ አምስት ነው፣ አንድም ሳልስት አለፍኩ። ኪቦርዱ ላይ ከፀጉሬ የብረት ብናኝ ይረግፋል፣ እፍ እለዋለሁ። በሳሙናም አይለቅም ይሄ።

አምስት ሰዓት ከሩብ። በስድስት ሰዓት ጎረቤታችን ሚስቴን በመስኮት ታይልኛለች። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ።

እንስሳዋ የምትመላለሰው ለምንድን ነው፣ ሀ ርቧት፣ ለ ታማ፣ ሐ ቦታው ጠቧት፣ መ ተፈጥሮዋ ሆኖ። መ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ጦጣ መቼ አርፋ ትቀመጣለች። ቀይ ምልክት። እባክዎ እንደገና ይመልከቱ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ አሁን ጦጣዋን ትቼ ብረቱን አያለሁ፣ ማዕዘኑ ላይ ድርብ ብየዳ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ፣ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። የኔ እጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሃያ ስምንት ፌሮ ቆርጬ፣ የጦጣዋ ሳጥን በክፍሉ በር አልገባ ሲለኝ ርዝመቱን በአንድ ክንድ የቀነስኩት እኔ፣ በር ከማስፋት ሳጥን መቀነስ ይቀላል ብዬ፣ ለጦጣ ምን አነሳት ብዬ።

ምን አነሳት። ለልጄም በስልክ ያልኳት ይህንኑ ነው፣ አባዬ፣ እማዬ እንዴት ናት፣ ደህና ናት፣ ምን አነሳት፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ እግሯን ታፍታታ። በሩን አልነገርኳትም። በሁለት ቀን የሠራሁትን የብረት በር፣ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ባለፈው ወር አምስት ሰዓት ሙሉ ጠፍታ መናኸሪያ በነጠላ ጫማ ቆማ ከተገኘች በኋላ፣ ወዴት ነው እናቴ ሲሏት ወደ ቤቴ፣ ቤትዎ የት ነው ሲሏት ደግሞ ወደ ቤቴ። አርባ አራት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖራ ዛሬ እርስዎ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የማን ቤት ነው፣ ያንቺ ነዋ፣ የኔ ከሆነማ ለምን አያስወጣኝም። ከበሩ እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ፣ ባለፈው እሑድ ምሳዬን እስክጨርስ ስድሳ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፣ ቆጥሬያለሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ በግራ፣ በሩ ጋ ስትደርስ በግራ፣

በግራ።

ሐ። መልሱ ሐ ነው፣ አውቄዋለሁ፣ ጣቴ ግን ማውሱ ላይ ተገትሯል፣ ቀጥሎ ያጠበበውስ ማነው ብሎ እንዳይጠይቀኝ ነው መሰለኝ የፈራሁት፣ ማሽን እኮ ነው፣ አይጠይቅም። እጫናለሁ። ጭብጨባ።

ምን ቢደረግላት ይሻላል፣ ሀ ቦታውን ማስፋት፣ ለ ምግብ መጨመር፣ ሐ መስኮቱን መሸፈን፣ መ ሌላ ጦጣ አብራት እንድትኖር ማድረግ። ሀ ነዋ፣ ለዚሁ አይደል የጠሩኝ። በከፊል ትክክል፣ ይለኛል። በከፊል የገጠመ ብየዳ አለ እንዴ። ሌላ ፊልም ይከፍታል፣ ያችው ጦጣ፣ ሌላ ግቢ ተወስዳ፣ ሰፊ ቤት፣ ዛፍ አለ፣ ገመድ አለ፣ ትሄዳለች ትሄዳለች፣ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ትዞራለች፣ ምንም በሌለበት፣ ድሮ ፍርግርጉ በነበረበት ልክ። እኔ በቆረጥኩት ልክ።

እንግዲያ በሩን ብነቅለውስ። ብነቅለው መናኸሪያ። ባልነቅለው ስድሳ ሁለት። በየት በኩል ባሰላው አይገጥምም፣ ሂሳብ እንዲህ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላ ጦጣ ትገባለች፣ አሮጊት፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ምንም አታደርግም፣ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ ትላለች፣ ቆይታ ፀጉሯን በጣቷ እየገለጠች ትለቅምላታለች። ልቆጥር እጠብቃለሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚቆጠር የለም።

እነሣለሁ። ጋሼ ወዴት ነው፣ አንድ ጥያቄ እኮ ነው የቀረዎት፣ ትላለች ሐኪሟ ብቅ ብላ፣ ከተነሡ ከአንድ ነው፣ ከአንድ ይሁን፣ እላታለሁ፣ ሥራውስ ጋሼ፣ ሰኞ ካልጀመሩ ለሌላ ሰው እኮ ነው የሚሰጠው፣ ስጡት፣ መጀመሪያ በሩን አስፋ በዪው።

የቤታችን ደረጃ አሥራ ሰባት ነው። በሩ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዝም፣ እየዞረች ነው። ሦስቱን እከፍታለሁ፣ እገባለሁ፣ ሁልጊዜ ምሳዋን አስቀምጬ ተመልሼ የምወጣበት ሰዓት ነው፣ ዛሬ ከውስጥ እቆልፋለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁልፉን ደረት ኪሴ እከታለሁ፣ መስኮቱ ሥር፣ እሷ የምትዞርበት ቦታ ላይ መሬት እቀመጣለሁ። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ታየኛለች።

እርስዎንም ዘጉብዎት?

አዎ፣ እኔንም።

ማነው የዘጋው?

አንድ በያጅ ነው።

ክፉ ነው?

ቆጣሪ ነው።

ቦርሳዋን ታወርዳለች፣ ጉልበቷን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ወደ ራሴ ጎንበስ ትላለች፣ ውይ፣ ፀጉርዎ ውስጥ ብረት አለ እኮ፣ በሁለት ጣቷ እየገለጠች ታወጣዋለች፣ ወደ ብርሃኑ ይዛ ታየዋለች፣ አንድ፣ ትላለች፣ አይነቃነቁ፣ ገና ብዙ አለ።