የመኳንንት ባርኔጣ

«ከመጪው ወር ጀምሮ ማራኪ አካውንቲንግ ትገባለች» አሉ አቶ ወንድሙ፣ ድንኳኑ ውስጥ ላለው ለቀስተኛ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «የቤቱን ኪራይ እኔ እችላለሁ። የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትወድቅም። ፍልስፍና የሚሉት ነገር ግን ከወንድሜ ጋር ተቀብሯል።»

ሽማግሌዎቹ መረቋቸው። ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማራኪ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ሰው ፊት፣ ያውም በአባት ሰልስት፣ አጎትን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስብል ታውቃለች። እናቷ ወይዘሮ ብርቱካን ከበሩ ላይ ሆነው በዓይናቸው «ዝም በይ» አሏት። አይፈረድባቸውም፤ አቶ ወንድሙ ከተቀየሙ ኪራዩን የሚከፍል የለም።

ብርጭቆዎቹን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ጓዳ አጠገብ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ያን ሁሉ ዘመን አስተምሮ አንዲት ክፍል እንኳ ሳይሠራ!»

«የተማረው ለወሬ ነዋ» አለች ሌላዋ።

የማራኪ አባት፣ አቶ መኳንንት፣ ወሬ መውደዳቸውስ እውነት ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ዋናው ክፍላቸው ግን ለቅሶ ቤት ነበር ቢባል ይቀላል። ካርታ ሲታደል ካዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩና ጥያቄ ይጥላሉ። «ዳኛው የተከሳሹን ንጽሕና በዓይኑ አይቷል፤ ምስክሮቹ ግን አጥፍቷል ይላሉ። በምን ይፍረድ?» ባርኔጣውን የያዘ ብቻ ይናገራል። ሲናገርም መጀመሪያ የተቃዋሚውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ማስረዳት አለበት። ባለ ሉካንዳው፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ መሪጌታው ሳይቀሩ በላብ ይጠመቁ ነበር። ጎረቤታቸው አቶ ረሻድ እናታቸው የሞቱ ጊዜ እህል የቀመሱት እንዲያ ሲከራከሩ አምሽተው ነው።

«አባባ፣ ይኼ ምን ይጠቅማል?» ብላቸው ነበር ማራኪ አንድ ቀን፣ ከለቅሶ ሲመለሱ።

«የሰው ሐሳብ ውስጥ ገብተሽ መውጣት ካልቻልሽ» አሏት፣ «የፈለገው ሁሉ እየነዳ ይወስድሻል።»

ባርኔጣው በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረደችው። ገና አባቷን አባቷን ይሸታል። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣችና ወንዶቹ መሀል ቆመች።

«ጋሼ ወንድሙ፣ መጀመሪያ የእርስዎን ልናገር።»

አቶ ረሻድ ባርኔጣውን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። «ዝም በሉ፣ ትናገር!» አሉ። ካርታው ቆመ።

«የሚሉት እንዲህ ነው፦ ታላቅ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ በኪራይ ቤት ሞተ። ሲታመም ማሳከሚያ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ያሳደገኝ ሰው ሲለምነኝ ማየት ግን አቃጠለኝ። ልጁንም እንደዚያ ሆና ማየት አልፈልግም። ፍልስፍናን ጠልቼ ሳይሆን ፈርቼ ነው።»

አቶ ወንድሙ ቀና ብለው አዩዋት። «አዎ» አሉ። «እሱን ነው ያልኩት።»

«እንዲህ መስማትን ያስተማረኝ አባባ ነው። ፍልስፍና ብዬ የምማረውም ይኸንኑ ነው። አልቀይርም፣ ጋሼ። ኪራዩን ቢተዉትም አልቀይርም፤ ልጆች እያስጠናሁ እናቴን ይዤ ጠባብ ቤት እገባለሁ።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። «ድፍረት!» አለ አንዱ። ማራኪ ዞር ብላም አላየችው። ባርኔጣውን አጎቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የእኔን ይናገሩልኝ።»

አቶ ወንድሙ የወንድማቸውን ባርኔጣ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺ የምትይው… አባቴን ስለምወደው ለመታሰቢያው ልማርለት ነው።»

«አይደለም» አለች ማራኪ። ከወንዶቹ መሀል ግን አልወጣችም፤ አግዳሚው ላይ አጎቷ ጎን ተቀመጠች። «እንደገና።»

አቶ ወንድሙ የባርኔጣውን የተጣመመ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው አቃንተው እንደገና ጀመሩ።