እግር የማይታይበት መድረክ

አቦይ መርሻ ያን ቀን ከበሮውን ለምን አላፈጠኑትም? ሕዝቅኤል ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ይዞት ዞሯል። ባለፈው ፌስቲቫል ሽማግሌው መድረክ ላይ ቆመው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ዝግ ያለ ምት ደለቁ። ጓይላ፣ ይህ ክብ ሠርተው የሚዞሩበት የትግራይ ጭፈራ ደግሞ፣ ዙሩ ከሞቀ በኋላ ምቱ ካልፈጠነ ትከሻ አይነሳም። መልሱን ሲያጣ ከራሱ ፈጠረና "ከበሮ መቺው ደክሟቸዋል" ብሎ መጽሔት ላይ ጻፈ።

የፌስቲቫሉ አስተባባሪ አቶ ደመላሽም ጽሑፉን አንብበው ጊዜ አላጠፉም። ዘንድሮ የአቦይ መርሻ ስም ተሰረዘ፤ በቦታቸው ኪቦርድ ገባ።

ሕዝቅኤል የመቀሌ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ አይደለም ማለትም ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ከመሀል አገር ከመጡ ወላጆች እዚሁ ተወልዶ፣ በአሥር ዓመቱ ወጥቶ፣ ፕራግ ሙዚቃ አጥንቶ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ በሄደበት ፌስቲቫል ሁሉ ከሙዚቃው ይልቅ መጠበቅን ነው ያጠናው።

ዛሬም መቀሌ፣ ሓወልቲ ከሚባለው የሰማዕታት ሐውልት አካባቢ፣ ስምንት ሰዓት ይጀመራል የተባለው የመጀመሪያው ቀን ዝግጅት ዐሥር ሰዓት ሆኖም አልተጀመረም። የክብር እንግዳው አልመጡም። ከመድረኩ ሥር ሦስት ረድፍ ባዶ ሶፋ ተደርድሯል። ስፖንሰሩ ለሰባተኛ ጊዜ ተመሰገነ።

"ይሄ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው ወይስ የሶፋ ገበያ?" አላት ድምፅ የምትቆጣጠረውን ሳምራዊትን።

"ሓወይ፣ አንተ ሁለት ሰዓት ብትጠብቅ ነው! እኔ ከጧት ጀምሮ ኬብል ስጎትት ነው የዋልኩት። ደግሞ 'ባለሙያዋ ደክሟታል' ብለህ እንዳትጽፍብኝ።"

አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ከአጥሩ ውጪ ከበሮ ተሰማ።

መጠበቅ የሰለቸው ሰው ውጪ ክብ ሠርቶ ይዞራል። መሀል ላይ ከበሮ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ራሳቸው አቦይ መርሻ ናቸው፤ ተመልካች ሆነው መጥተው ኖሯል። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ክቡ ቀስ እያለ ዞረ፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ተረከዝ አፈሩን ጠንከር አድርጎ መታ፤ ሌላው ተከተላት። በዚያችው ቅጽበት የሽማግሌው እጅ ፈጠነ፤ ትከሻው ሁሉ ተነሳ።

ሲያርፉ ጠጋ ብሎ "አቦይ፣ ምን እያዩ ነው የሚመቱት?" አላቸው።

"እግር ነዋ! መቼ እንደማፈጥን የሚነግረኝ እግራቸው ነው።"

"ያኔ መድረክ ላይስ?"

"ወደይ፣ ያኔ ሶፋ ነው የሰጣችሁኝ። የሚጨፍረው ሰው ከሶፋው ጀርባ ተከልሎ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። አሁን ይሞቃሉ፣ አሁን ይሞቃሉ እያልኩ ጠበቅኩ። ጽሑፍህን ልጄ አንብባልኛለች።" ላባቸውን ጠረጉ። "ደህና፤ ሰው ይደክማል።"

ሕዝቅኤል አፉን ሲከፍት ጥበቃው እየሮጠ መጣ፦ "ዝም በሉ! እንግዳው ደርሰዋል!" ክቡ ተበተነ።

እዚያው አጥሩ ሥር ቆሞ ስልኩን አወጣ፦ "አቶ ደመላሽ፣ የጻፍኩት ስሕተት ነው። አቦይ መርሻ አልደከሙም፤ የጨፋሪውን እግር በሶፋ ጋርደንባቸው ነው። እርማቱን በስሜ አወጣለሁ። እባክዎ ሶፋውን አስነሥተው ነገ እሳቸውን ከሕዝቡ መሀል፣ መሬት ላይ ያቁሙልን።"

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። በማግስቱ ሶፋው አራት ረድፍ ሆኖ ጠበቀው፤ ፌስቲቫሉም በኪቦርድ ተጀምሮ በኪቦርድ አለቀ።